ከሜከን በታች ድንጋይ የለም

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 2017 ወንድሜ ሰብሐት ከኖርክሮስ ተነሥቶ ወደ ጆርጂያ የባሕር ዳርቻ ሊሄድ፣ እዚያ ለሚኖሩ አንዲት አሮጊትም አንድ ነገር ሊነግራቸው ነበር። አልነገራቸውም። ሐሙስ ሲመሽ ልቡ ቆመ።

ሊነግራቸው የነበረው ስለ አንድ ኩባያ ነው። ኩባያው በአሮጊቷ እናት መቃብር ላይ የተቀመጠ ነበር። ሲጣል ሰብሐት ቆሞ አይቷል። ከዚያ በኋላ ከሦስት ዓመት በላይ ይህን ነገር በሆዱ ይዞ እየተመላለሰ ፊታቸው ቀርቧል።

የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ለአርባው ስለ እሱ ጥቂት እንድጽፍ ሲጠይቁኝ ደግነቱን እንድጽፍ ነው የፈለጉት። ደግ ነበር። ኩባያውን ትቶ የሚጻፍ የሰብሐት ታሪክ ግን እውነት አይሆንም። መዝገብ ቤት የምሠራ ሰው ነኝና ያየሁትን እንዳየሁት፣ ያላየሁትን ከማን እንደሰማሁት እጽፋለሁ።

ሰብሐት ደብረ ብርሃን የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። ዲቪ ደርሶት አትላንታ ከገባ በኋላ ለብዙ ዓመታት በኤርፖርትና በሆቴል መካከል ሻትል ነዳ፤ ቀጥሎ የራሱን ቫን ገዛ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሠራተኛ ያመላልሳል። ሰመር ሲገባ ግን በወር አንድ ቅዳሜ በአትላንታ ዙሪያ ያለውን የማሪዬታን፣ የሮዝዌልንና የኖርክሮስን ሐበሻ ሰብስቦ ወደ ባሕር ዳርቻ ይወስዳል። «ሽርሽር» ሲሉት ይቆጣል። «ጉብኝት ነው» ይላል። ገና ሳይነጋ ቫኑን የቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ላይ ፊቷን ወደ መንገድ አዙሮ ያቆማል፤ የዘገየ ይቀራል። አንድ ጊዜ እኔን የገዛ እህቱን ጥሎኝ ሄዷል።

እየነዳ በማይክሮፎን ያስተምራል። መንገዱ ላይ ያለችውን የሜከን ከተማ ሲያልፉ ሁልጊዜ የሚላት ነገር ነበረች።

«አሁን ቀዩን አፈር ተሰናበቱት። ከዚህ በታች ያለው ምድር ድሮ የባሕር ወለል ነበር፤ አሸዋ ነው። ከሜከን በታች አንዲት ድንጋይ ያገኘ ሰው የከፈለውን እመልስለታለሁ።»

«ጋሼ፣ በካሽ ነው በቼክ?» ይላል ግሩም። ግሩም ኖርክሮስ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚነዳ፣ ሁልጊዜ ከሾፌሩ ኋላ የሚቀመጥ ወጣት ነው።

«አፍህን ከዘጋህ በካሽ።»

ባሕር ዳርቻው ሲደርሱ ጫጫታው ይቆማል። ሰው ሰማያዊ ባሕር ጠብቆ ይሄዳል፤ መጀመሪያ የሚያየው ግን ዓይን እስኪደክም የተዘረጋ ረግረግና ሣር ነው። ውሃው ሲሞላ ሣሩ ጫፉ ብቻ ይቀራል። ሲጎድል ጥቁር ጭቃ ይገለጣል፤ ጭቃው ላይ አንድ እጃቸው ብቻ ያለልክ የገዘፈ ትናንሽ ሸርጣኖች ይርመሰመሳሉ። ዳር ዳሩን ዘንባባ አለ። ከዘንባባው ኋላ ክንዳቸውን መሬት ድረስ የዘረጉ የኦክ ዛፎች አሉ፤ ከቅርንጫፎቻቸው የሽማግሌ ጢም የሚመስል ሽበታም ነገር ተንዠርግጓል። ሰብሐት ያ ጢም ዛፉን እንደማይመጥ፣ ከአየርና ከዝናብ ብቻ እንደሚኖር ያስረዳል። ከዚያ የድሮውን የሩዝ እርሻ ያሳያል፤ በባርነት የመጡ ሰዎች ጭቃውን በእጃቸው ቆፍረው የሠሩትን ግድብ። ዛሬ አዞ ፀሐይ ይሞቅበታል።

ጉብኝቱ የሚያበቃው የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች በሚኖሩበት መንደር፣ በአንዲት ነጭ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ነው። እዚያ ሚስ ኤርነስቲን ይቀበሏቸዋል። የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ኃላፊ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ፣ የመንደሩን ታሪክ ከእናታቸው አፍ የተማሩ ሴት ናቸው። እሳቸው ይናገራሉ፣ ሰብሐት ለአዛውንቶቹ ያስተረጉማል።

ወንድሜ አንድ ጉድለት ነበረበት። «አላውቅም» የሚለው ቃል ከአፉ አይወጣም። አስተማሪ በተማሪ ፊት አላውቅም ማለት ነውር ነው ተብሎ ያደገ ሰው ነው። የማያውቀውን ወፍ ሲጠይቁት ስም ያወጣለታል። በቤታችን እንስቅበት ነበር።

ጁን 21 ቀን 2014፣ የሰኔ ሚካኤል በዋለበት ሳምንት ቅዳሜ፣ እኔ አልነበርኩም። የዚያን ቀን ነገር የሰማሁት ከሰብሐት፣ ከግሩምና ከእትዬ አበዛሽ ነው። እትዬ አበዛሽ በሱዳን በኩል ስደተኛ ሆነው የመጡ፣ ማሪዬታ ውስጥ የጽዳት ድርጅት ያቋቋሙ እናት ናቸው። ጓንትና ጥቁር የቆሻሻ ከረጢት ከእጃቸው አይለይም።

ሚስ ኤርነስቲን ደውለው እህታቸውን ሐኪም ቤት ስለወሰዱ እንደሚዘገዩ፣ እስከዚያ እንግዶቹ ጥላ ሥር ምሳቸውን እንዲበሉ ተናገሩ። የጾም ምሳቸውን በሉ። እትዬ አበዛሽ እጃቸውን የሚታጠቡበት ቧንቧ ፍለጋ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ዞሩ።

«ሰብሐት! ና እስቲ ልጄ። ይሄ መቃብር አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ታዲያ ቆሻሻ የሚደፋበት ማነው?»

መቃብሮቹ ላይ የተሰበረ ሳህን፣ ክዳን የሌለው ማንቆርቆሪያ፣ የቆመ ሰዓት፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የፋኖስ ብርጭቆ፣ ነጫጭ ዛጎል ነበረባቸው። ሰብሐት እዚያ ግቢ ስንት ጊዜ ገብቷል፤ ወደ ጀርባው ዞሮ ግን አያውቅም። ያለው ይህን ነው፦

«ወጣቱ ወደ ከተማ ሄዶ አልቋል፤ የሚጠብቀው የለም። አላፊ አግዳሚው ይጥልበታል።»

«ኧረ በሚካኤል! ታዲያ እያየን ልናልፍ ነው?»

በእኛ ዘንድ ሰው የሌለውን ሙት መቃብር ማጽዳት ጽድቅ ነው። ሁሉም ተነሣ። አረሙን ነቀሉ፣ ቅጠሉን ጠረጉ፣ የተሰበረውን ሁሉ ለቅመው ከረጢት ውስጥ ከተቱ። ሴቶቹ መዝሙር አነሡ።

«እትዬ አበዛሽ፣ ይሄ ኦቨርታይም ነው፤ መጀመሪያ ዋጋ እንነጋገር» አለ ግሩም።

«ዋጋህን ሰማይ ቤት ትቀበላለህ። ጎንበስ በል፣ ወገብህ የሠርግ ነው እንዴ?»

ሚስ ኤርነስቲን ሲደርሱ ሰዉ እጁን እያራገፈ፣ ምስጋና እየጠበቀ ወደ ቫኑ መሰብሰብ ጀምሮ ነበር። እሳቸው ማንንም ሳያዩ መቃብሩ ውስጥ ገቡ። ሰብሐት ተከተላቸው። አንድ ቦታ ላይ ቆመው በቀስታ ጠየቁት፦

«የእማዬ ኩባያ የት አለ?»

አልገባውም። አስረዱት። ሰው ሲሞት መጨረሻ የተጠቀመበትን ዕቃ መቃብሩ ላይ ያኖራሉ። ሆን ብለው ይሰብሩታል፤ ሞት ከዚያ ቤት ሌላ ሰው አስከትሎ እንዳይወስድ። ዛጎሉ በባሕር ለመጡት ነው። የእናታቸው ኩባያ ነጭ፣ ጠርዙ ሰማያዊ ነበር፤ የመጨረሻዋን ውሃ በእሱ ያጠጧቸው ራሳቸው ናቸው። ይህን ሲሉ አለቀሱ።

«ሰዎችህን ይዘህ ሂድ፣ ሚስተር ሰብሐት። ከረጢቶቹን እዚሁ ተዋቸው። አንድም እንዳትወስዱ።»

ሰብሐት ወደ ቫኑ ተመለሰ። እትዬ አበዛሽ ፊታቸው በላብ ርሶ፣ በደስታ አብርቶ ይጠብቁት ነበር።

«ምን አሉ?»

«አመሰገኑ» አለ ሰብሐት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብለዋል።»

ቫኑ ውስጥ እልልታ ሆነ።

በመመለሻቸው ነዳጅ ለመቅዳት ቆሙ። ግሩም የቫኑን ኋላ ከፍቶ አንድ ጥቁር ከረጢት አወጣ። መንደሩ ውስጥ የነበረው የቆሻሻ በርሜል ሞልቶበት፣ ማንም ሳይነግረው ጭኖት ኖሯል።

«ጋሼ፣ ይሄን እዚህ ድራፕ ላድርገው፤ መኪናህ መሽተት ጀምራለች።»

ሰብሐት የነዳጁን ቱቦ ይዞ ቆሞ ነበር። ከረጢቱ ውስጥ ሸክላ ሲንኳኳ ሰማ። ተው ቢል ለምን ይሉታል፤ ለምን ካሉት ያ «አመሰገኑ» ያለው ነገር ይወጣል። እትዬ አበዛሽ ደግሞ በመስኮት እያዩት ፈገግ ብለዋል። ግሩም ከረጢቱን የማደያው የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ወረወረው።

«ደን!» አለ።

«እሺ» አለ ሰብሐት።

በማግስቱ ቅዳሴ ትቶ፣ ለማንም ሳይናገር ያንን ሁሉ መንገድ ብቻውን ነዳ። ገንዳው ባዶ ነበር።

እትዬ አበዛሽ ያንን ቀን በየደረሱበት አወሩት። በኦገስት፣ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ «የመቃብሩ ጉዞ ይደገም» ተባለ፤ እትዬ አበዛሽ ከኪሳቸው አዳዲስ መጥረጊያና መቧጠጫ ገዙ። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ጉዞው ሲነገር ሰብሐት ተነሣ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለት እጁን ከፊቱ አጣጥፎ፣ እንደሚገረፍ ተማሪ ቆሞ ነበር።

«ቆሻሻ አልነበረም» አለ። «የሙታኑ ዕቃ ነው። እኔ ሳላውቅ አውቃለሁ ብዬ አስነሣኋችሁ። ሴትየዋም አላመሰገኑንም። አልቅሰዋል።»

ስለ ነዳጅ ማደያው ግን ትንፍሽ አላለም።

«ታዲያ ሁለት ወር ሙሉ እልል ስል ዝም ብለህ ታየኝ ነበር?» አሉ እትዬ አበዛሽ። «እኔን አሮጊቷን የሙት አደራ አስደፍተህ?» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወጡ። አንድ ሰው ጠበቃ ማማከር ይሻላል አለ፤ ሌላው ነገሩ ቢረሳ ይሻላል አለ። ሰብሐት እስከ መጨረሻው ሳይቀመጥ ቆሞ ሰማ።

በሚቀጥለው ቀን እትዬ አበዛሽ ደወሉለት።

«ድንጋይ ፈልግ» አሉት።

«የምን ድንጋይ?»

«በባዶ ትከሻ ነው ይቅርታ የምንጠይቀው? እዚያ አገር እንደሌለ አንተው ነህ በማይክሮፎን የምትለፈልፈው። ከዚህ ጭነህ ሂድ።»

ከቤቱ ጓሮ ድፎ ዳቦ የሚያህል ግራጫ ድንጋይ ቆፍሮ አወጣ። በዚህኛው ጉዞ እኔም ነበርኩ፤ እትዬ አበዛሽና ግሩምም ነበሩ። ግሩም ድንጋዩን ወንበር ላይ አስቀምጦ በቀበቶ አሰረው፤ ማንም አልሳቀም። ሜከንን ስናልፍ ሰብሐት በልማዱ ማይክሮፎኑን አነሣ፤ ከዚያ መልሶ አስቀመጠው።

ከግቢው በር ጀምሮ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ሄደ። እትዬ አበዛሽ ነጠላቸውን አደግድገው ከኋላው። ሚስ ኤርነስቲን ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለው አዳራሽ በር ላይ ወጡ።

«ይሄ ሰውዬ ምን ሆኗል?» አሉኝ።

በአገራችን የበደለ ሰው እንዲህ ሆኖ እንደሚመጣ፣ የተበደለው ትቼዋለሁ እስኪለው ድረስ እንደማያወርድ ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። ላቡ አሸዋው ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

«ስለ እናቴ እኔ መናገር እችላለሁ፤ ትቼዋለሁ። ስለ ሌሎቹ የሚናገሩት ልጆቻቸው ናቸው። አሁን ወገብህ ሳይሰበር አውርደው።»

አወረደው። የአዳራሹ በር በባሕሩ ነፋስ እየተመታ ያስቸግራቸው ኖሮ ድንጋዩን በእግራቸው ገፋ አድርገው በሩን አስደገፉበት። «ለዚህ ይሆነኛል» አሉ።

ውስጥ ረጃጅም ጠረጴዛዎች ላይ አንሶላ ተነጥፎ ከቀሩት ከረጢቶች የወጡት ዕቃዎች ተደርድረዋል። በዚያ መጸው ሰብሐት በየጊዜው እየሄደ፣ ቤተሰቦቹ የየራሳቸውን እየለዩ ሲያሳዩት እሱ ተሸክሞ ወደየመቃብሩ መለሰ። አንዳንዶቹ ሰላም አሉት፤ አንዳንዶቹ ዕቃውን ከእጁ ተቀብለው ራሳቸው አስቀመጡ። የጎደለው በምዕራብ ጥግ ያሉት መቃብሮች ዕቃ ነበር። ያንን ጥግ ያጸዳው ግሩም ነው። ማደያው ላይ የተጣለው ከረጢት የሚስ ኤርነስቲን እናት ኩባያ ያለበት እንደሆነ ሰብሐት ያን ጊዜ በእርግጥ አወቀ።

«ኩባያዋን ራኩን ጎትቷት ይሆናል» አሉ ሚስ ኤርነስቲን፤ ራኩን በሌሊት የሚዞር፣ ድመት የሚያህል አውሬ ነው። «እነሱ የማይሰርቁት የለም። ረግረጉ ዳር ትገኛለች።»

ውሃው ሲጎድል ዱላቸውን ይዘው ጭቃው ዳር ይፈልጋሉ። ወንድሜ ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ አብሯቸው ይፈልጋል። እዚያ እንደሌለ የሚያውቀውን ኩባያ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ሣሩን በእጁ እየከፈለ። እኔም አንድ ቀን ይህን ቆሜ አይቻለሁ፤ የታዛዥነት ሥራ መስሎኝ ኮርቼበት ነበር።

ጉብኝቱ ቀጠለ። ከሜከን በታች ግን ሰብሐት አይናገርም። የወፍ ስም ሲጠይቁት «አላውቅም፤ ሚስ ኤርነስቲንን እንጠይቃለን» ይላል። ሰዎች አረጀ አሉ። በሄደ ቁጥር ያ ድንጋይ በሩን ደግፎ ይቀበለዋል። በሄደ ቁጥር ሚስ ኤርነስቲን ውሃ ይሰጡትና «አሁንም አላገኘኋትም» ይሉታል።

በሴፕቴምበር 2017 አውሎ ነፋሱ ካለፈ በኋላ የወደቀ ቅርንጫፍ ሊያነሣላቸው ሄደ። እግራቸው በጄሶ ታሽጎ አገኛቸው። ውሃው መሬቱን ስለገለበጠው ኩባያዋን ወደ ላይ አውጥቷት ይሆናል ብለው ብቻቸውን ረግረጉ ውስጥ ገብተው ወድቀዋል፤ ጎረቤት ሰምቶ ነው ያወጣቸው።

በዚያው ቀን ሲመለስ በቀጥታ ወደ እኔ ቤት መጣ። ወጥ ቤቴ ውስጥ ሳይቀመጥ፣ የማቀዝቀዣውን በር እያየ፣ ሁሉንም ነገረኝ።

«ንገራቸው» አልኩት።

«ምን ብዬ?»

«ለእኔ እንደነገርከኝ።»

«አንቺ እህቴ ነሽ። እሳቸው ጋ ድንጋዩን አንድ ጊዜ ተሸክሜያለሁ እኮ። ያን ጊዜ ይቅር ያሉት ለግማሹ ነው። አሁን በምን ትከሻዬ ነው?»

«ያለ ድንጋይ ሂድ።»

ብዙ ጊዜ ቀጠረና አፈረሰ። አንዴ የቫኑ ጎማ ተነፈሰ፤ አንዴ ጉንፋን ያዘው። በመጨረሻ ኦክቶበር 14 አለኝ፤ ብቻዬን ነው የምሄደው አለ። ቀብሩ በዋለበት ሳምንት እንኳ ስልኩ ላይ የዚያ ቅዳሜ ማስታወሻ ይጮኽ ነበር።

በኖቬምበር እኔ ሄድኩ። ከመሄዴ በፊት ለግሩም ነገርኩት፤ እሱ የማያውቀውን ጥፋት ከሌላ ሰው እንዳይሰማ። «እኔ ነኝ እኮ የወረወርኩት» አለ፤ ከዚያ ቫኑን እኔ ልንዳ አለ። ይህን ጽሑፍም ከማንም በፊት አንብቦታል፤ ስሙ ከጽሑፉ እንዲሰረዝ አልፈለገም። እትዬ አበዛሽም አብረውን ነበሩ።

ሚስ ኤርነስቲን የሰብሐትን ሞት ቀድመው ሰምተው ነበር። አቀፉኝ። ከዚያ የኩባያውን ነገር ነገርኳቸው፤ ነዳጅ ማደያውን፣ ቱቦውን፣ «እሺ» ያለውን፣ በማግስቱ ባዶ ያገኘውን ገንዳ። ሳያቋርጡኝ ሰሙ። ዓይናቸው በሩ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ነበር።

«ጭቃ ውስጥ አብሮኝ ሲፈልግ ነበር» አሉ።

«አዎን።»

«ያውቅ ነበር።»

«አዎን።»

«ያኔውኑ ቢነግረኝ ኖሮ እጮህበት ነበር። ጮኼ ይወጣልኝ ነበር።» የታሸገውን እግራቸውን በእጃቸው አሹ። «ሦስት ዓመት አልፈልግም ነበር።»

እትዬ አበዛሽ አንገታቸውን ደፍተው ነበር፤ ግሩም ወደ ውጭ ወጣ። ሚስ ኤርነስቲን ይቅር ብዬዋለሁ አላሉም፤ እኔም እንዲሉ አልጠየቅኩም። ነፋሱ ሲመጣ በሩ ድንጋዩን ገጨት እያደረገ ይመለስ ነበር።

ከዚያ ጠየቁኝ፦

«በመጨረሻው ቀን ምን ሠራ?»

ይህንን ከጸጉር አስተካካዩ ከዳኛቸውና ከጎረቤቱ አረጋግጬ ስለነበር ነገርኳቸው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሠራተኞቹን አድርሶ ሲጨርስ ኖርክሮስ ዳኛቸው ጋ ገባ። ተራ ጠብቆ ተቀመጠ። ከፍልሰታ ጀምሮ ያላስነካውን ጢሙን ሙሉ በሙሉ ላጨው አለው።

«ምነው ጋሼ፣ ሠርግ አለ እንዴ?»

«የለም። ቅዳሜ ሰው ፊት እቀርባለሁ።»

ተላጭቶ ከፈለ። አንገቱ ላይ የቀረውን ጸጉር በመሐረቡ ጠረገ። እዚያው ማዶ ቫኑን ነዳጅ ሞላ፣ የጎማዎቹን አየር አየ። ከዚያ ቤቱ ደርሶ፣ ቫኑን ፊቷን ወደ መንገድ አዙሮ አቆማት።